ከሰንበቴው ቤት እስከ እድሩ ድንኳን

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን አባሎቻችንን ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን። እኛንም ለዚህች ቀን ስላደረሰን ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ኮሚቴው «የቤተ ክርስቲያን ሕዝብ አንድነቱንና እምነቱን በምን ይገልጻል?» በሚል ርእስ እንድንናገር ባዘዘን ጊዜ ጥቂት አመንትተን ነበር። ምክንያቱም እኛ ሊቃውንት አይደለንም። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ዕድሜአችንንም የፈጀነው በመዝገብ ቤት ፋይል ስናገላብጥና ደብዳቤ ስንመዘግብ ነው። ስለ ምሥጢረ ሃይማኖት መናገር የመምህራን ድርሻ ነው። ይሁን እንጂ በሰንበቴውም፣ በማኅበሩም፣ በእድሩም ስንመላለስ የኖርን ሰዎች ስለሆንን፣ ባይናችን ያየነውን መናገር አያቅተንም ብለን ተቀበልነው።

እንግዲህ የምንለው ነገር አንድ ነው። የአንድ ደብር ሕዝብ አንድ ሕዝብ መሆኑ የሚታወቀው በሕንጻው ማማር ወይም በሚያዋጣው ገንዘብ ብዛት አይደለም። ተራው ሲደርስ እያንዳንዱ በገዛ እጁ ይዞ፣ በገዛ እግሩ ሄዶ በመገኘቱ ነው። እድራችንም የተሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ይኼ ሥርዓት ከጠፋ የሚቀረን የገንዘብ ሣጥን ብቻ ነው።

ነገሩን ከከተማችን እንጀምር። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሩ ወዲህ ሰፈሩና ታቦቱ ተለያይተው አያውቁም። አርባ አራቱ ታቦት እየተባለ ይነገራል። እስቲ ስማቸውን ልብ ብላችሁ አድምጡት፤ ፊት ሚካኤል፣ ፊት አቦ፣ ግምጃ ቤት ማርያም፣ እልፍኝ ጊዮርጊስ፣ አደባባይ ኢየሱስ፣ አቡን ቤት ገብርኤል። ፊት፣ ግምጃ ቤት፣ እልፍኝ፣ አደባባይ የሚሉት ቃላት ከቤተ መንግሥቱ አካባቢ የመጡ ናቸው። ዛሬ በእልፍኙ የሚቀመጥ ንጉሥ የለም፤ በግምጃ ቤቱም የሚቀመጥ ግምጃ የለም። ስሙን እስከ ዛሬ በአፋችን ይዘነው የኖርነው በደብሩ ምክንያት ነው። ሰው «ሰፈርህ የት ነው?» ሲለን የቀበሌ ቁጥር ከመናገራችን በፊት የምንጠራው ደብራችንን ነው፤ የት እንደምንኖርና የማን ጎረቤት እንደሆንን በዚያው ይታወቃል።

ሕንጻው ብቻውን ሕዝብን የሚያቆም ቢሆን ኖሮ ጎንደር ከጠፋች ብዙ ዘመኗ ነበር። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ሲቀጡ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሽ መጥቶ የቀረውን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከእሳቱ ተርፏል፤ ንብ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረ አባቶቻችን ይተርካሉ። ከተቃጠሉት ብዙዎቹ ግን በየስማቸው ተመልሰው ተሠርተው ዛሬም ይቀደስባቸዋል። ይኼ እንዴት ሊሆን ቻለ ብለን ብንጠይቅ፣ ግንቡ ሲቃጠል «የኔ ደብር» የሚል ሰው ስለነበረ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አናገኝለትም።

ይኼ «የኔ ደብር» የሚለው ሰው ከየት ይመጣል? እንደኛ አስተያየት የሚያሳድገው ሰንበቴው ነው። ለወጣቶቻችን ስንል አሠራሩን በዝርዝር እንናገር። የሰንበቴ አባላት በየሰንበቱ ተራ አላቸው። ተራው የደረሰው ሰው በሳምንቱ ውስጥ እህሉን ያስፈጫል፣ ጠላውን ይጠምቃል፣ ዳቦውን ይደፋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ሥርዓቱን ይጠብቃል። ነዳያኑ፣ የቆሎ ተማሪው፣ መንገድ ያገኘው እንግዳ ሁሉ ድርሻ አለው። ቁራሽ ዳቦና አንድ ሽክና ጠላ ለሆድ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ባለጸጋውም ድሃውም ከአንድ ዳቦ ቆርሶ ይሄዳል።

ይህ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ያላቸውን በአንድነት አድርገው አብረው እንጀራ ይቆርሱ እንደነበር ተጽፏል። በምዕራፍ 6 ደግሞ በዕለቱ ምግብ እደላ አንዳንድ መበለቶች ተረሱ ተብሎ ቅሬታ በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ እነዚያ ሰባቱ የተመረጡት ሕንጻ ለማሠራት ሳይሆን፣ የተረሳች መበለት እንዳትኖር ለመጠበቅ ነው። የኮሚቴ ሥራ የሚከብደን ሰዎች ይህን እያሰብን ብንጽናና መልካም ነው።

ማኅበሩም እንዲሁ ነው። በወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እየተባለ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የሚቀጥለውን ወር የሚያዘጋጀው ሰው በሁሉ ፊት ተነሥቶ ጽዋውን ይረከባል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ጽዋው የሁሉንም ቤት ያውቃል። ጣራው የሚያፈስበትም፣ ፎቅ የሠራውም ተራው ሲደርስ በሩን ይከፍታል። ሁለተኛ፣ የተጣላ ሰው ቂም ይዞ ከጽዋው አይጠጣም። ሙሴው ወይም የንስሐ አባት ሁለቱን አስነሥተው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሳያባብሉ ጽዋው አይቀርብም። ስንት የድንበር ጠብ፣ ስንት የወንድማማች ክርክር ፍርድ ቤት ሳይደርስ በጽዋ ፊት እንዳለቀ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር እንጨምር። እኛ ባለንበት ሰንበቴ አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ነበሩ። በችግር ዘመን ተራቸው ደረሰ። ጎረቤቶቻቸው «እትዬ፣ ዘንድሮ ይለፍዎ፤ እኛ እናወጣዋለን» አሏቸው። እሳቸው ግን «ተራዬን ካለፋችሁኝማ ከሰው አወጣችሁኝ ማለት ነው» ብለው እንቢ አሉ። ዕለቱ ሲደርስ አንዲት ትንሽ ዳቦና በሰፌድ የተቆላ ሽምብራ ይዘው መጡ። ካህኑም እንደማንኛውም ባረኩት፤ ሙሴውም ፍሬ ፍሬውን እየቆጠረ ለሁሉ አዳረሰው። ዳቦ ተትረፍርፎ ከቀረበባቸው ብዙ ሰንበቶች ያን ቀን አብልጠን እናስታውሰዋለን። እኒያ እናት የተናገሩት ቃል የዛሬው ንግግራችን ቁም ነገር ነው። ሰው ከሰው የሚወጣው ሲደኸይ አይደለም፤ ተራው ሲቀርበት ነው።

በቅዳሴውና በማኅሌቱም ቢሆን ተራ አለ። ጎንደር በአታ በአቋቋም ትምህርት በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ነው። ሊቃውንቱ ሲያመሰግኑ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በግራና በቀኝ በሁለት ወገን ይቆማሉ። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ከዚያም ይመልስለታል። መቋሚያው አብሮ ይነሣል፣ ጸናጽሉ አብሮ ይመታል፣ ከበሮውም ጊዜውን ጠብቆ ይገባል። ድምፁ የቱንም ያህል ያማረ መሪጌታ ቢሆን የሌላውን ወገን ተራ አይወስድም። እነዚያን ሊቃውንት ያስተማረ ደግሞ ማን ነው? በየደጁ ቁራሽ የሰጠው ሕዝብና የሰንበቴው ዳቦ ነው። ስለዚህ ዜማውን የማያውቀው ገበሬና ነጋዴም በማኅሌቱ ውስጥ ድርሻ አለው ብንል ድፍረት አይሆንብንም።

ጥምቀታችንን ደግሞ እንመልከት። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ከየደብራቸው ይወጣሉ። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ በመንገድ ተገናኝተው አብረው ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ወጣቱ መንገዱን ይጠርጋል፣ ምንጣፉን ያነሣል ያነጥፋል። በጥር 12 ደግሞ ሚካኤል በእልልታ ይገባል። ይህ በዓል በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ነገር ግን በዚያው ዓመት በጥር 11 ቀን በመዋኛው ዳር የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞቱብን፣ ብዙዎችም ቆሰሉ። ደስታው ባንድ ቀን ለቅሶ ሆነ። ይህን የምናነሣው ኀዘን ለመቀስቀስ አይደለም። የበዓል ሕዝብና የለቅሶ ሕዝብ አንድ ሕዝብ መሆኑን ለማሳየት ነው። ለእልልታው ወጥቶ ለቅሶው ላይ የሚጠፋ ሰው በዓሉን አየ እንጂ አላከበረም።

ወደ ደጋው ብንወጣም ነገሩ ያው ነው። በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራ ቤቱ በየጋራው የተራራቀ ነው። ሰውን የሚያገናኘው በጽድና በወይራ የተከበበው ደብር ነው። በበዓል ቀን ሞፈር አይነሣም፤ ሽማግሌዎች ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ዛፍ ጥላ ተቀምጠው ነገር ያያሉ። ሰው የሞተ እንደሆነ ጥሪው ከጋራ ወደ ጋራ ይተላለፋል። መዝገብ የለም፣ ደረሰኝ የለም። አንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ አንዱ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ሟቹ አዝመራው ሳይሰበሰብ የሞተ እንደሆነ ጎረቤቱ ወጥቶ ገብሱን ያጭድለታል። ቀባሪው ደብሩ ነው፤ በደብሩ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው አለ።

የከተማው እድር እንግዲህ የዚህ ሁሉ ልጅ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በከተማ ሰው ከየአገሩ መጥቶ ስለሚኖር ዘመድ በሩቅ ይቀራል፤ ስለዚህ ሰፈርተኛው ዘመድ ሆነ። ነገር ግን እድር ከሰንበቴ አንድ ነገር ይለየዋል። ሰንበቴ በአንድ ታቦት ሥር ነው፤ እድር ግን በሰፈር ነው። በመሆኑም ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአንድ መዝገብ ይጽፋል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በየብቻቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር። አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ መቆየቱ ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ንጉሥ በአዋጅ የለየውን ሕዝብ ለቅሶ መልሶ አገናኘው ማለት ነው። በድንኳናችን ውስጥ ንፍሮና የጾም ምግብ ለምን እንደሚቀርብ አስተውላችኋል? ሥጋ ቢቀርብ ግማሹ ሰው ይበላል፣ ግማሹ ይቀመጣል። ንፍሮ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይበላዋል። ይህን ያዘዘ ደንብ የለም፤ እናቶቻችን በጥበባቸው ያደረጉት ነው።

ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችንም ነበሩ። በወለቃና በአምቦበር የነበሩት ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ ባለሙያዎች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሄደዋል። በአምቦበር ተራራ ላይ ሕዝቡ ጾሞ፣ ወጥቶ፣ የኦሪቱ ቃል ሲነበብ ሰምቶ፣ ሲወርድ አብሮ በልቶ ያከብረው የነበረው ስግድ፣ በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል አገር ብሔራዊ በዓል ሆኖ ታወጀ። ተራራውን ትተው ሄዱ፣ አብሮ መውጣቱንና አብሮ መብላቱን ግን ይዘውት ሄዱ። ልጆቻችንም በዋሽንግተንና በሌላውም አገር እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ብዙዎቹ ማኅበሮች ሲጀመሩ የሌላ እምነት ቤተ ክርስቲያን በሰዓት ተከራይተው ነበር የሚቀድሱት። ቤቱ የሰው ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ በተራ የሚመጣው ዳቦ ግን የራሳቸው ነው።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። በሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚሁ በከተማችን፣ በቀብር ዕለት፣ በመቃብር ምክንያት ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ማን ጀመረ፣ ማን ጨመረ የሚለውን እዚህ አንከራከርበትም፤ የዚህ ጉባኤ ሥራ አይደለም። እኛን እንደ እድርተኛ ሊያስደነግጠን የሚገባው ነገሩ በቀብር ላይ መሆኑ ነው። ሰውን ሰው የሚያደርገው የመጨረሻው ቦታ መቃብር ነው። እዚያ ላይ ከተጣላን ሌላ የምንታረቅበት ቦታ ከየት እናመጣለን? በየእድሩ በዚያ ሰሞን በጎረቤቱ ደጅ የቆመ፣ የጎረቤቱን ልጅ በቤቱ ያሳደረ ሰው አለ። ያን ሰው እንዲያ እንዲያደርግ ያስተማረው ስብሰባ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ድንኳን አብሮ ተቀምጦ ያወቀው ሰው ስለሆነ ነው።

ታዲያ ይህ አብሮ መቀመጥ ዛሬ እየሳሳ ነው። በጽሕፈት ሥራ የኖርን ሰዎች ስለሆንን መዝገብ ማየት እንወዳለን። በዛሬው የእድር መዝገብ የወር መዋጮው በደንብ ይከፈላል፤ ብዙ ሰው በስልክ ሳይቀር ይከፍላል፤ መልካም ነው። ከቀብር በኋላ ስም ሲጠራ ግን «አቤት» የሚለው ያንሳል። ቀሪው «መቀጫዬን እከፍላለሁ» ብሎ ያልፈዋል። እስቲ እናስበው፤ ሁላችንም መቀጫ ብንከፍል ሣጥኑ ይሞላል፤ ቃሬዛውን የሚሸከም ግን አይኖርም! ገንዘብ ድንኳን ይገዛል፣ ወንበር ይገዛል፤ ከሐዘንተኛው አጠገብ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ግን አይገዛም። ሰንበቴው መቀጫ የሚጻፍበት መዝገብ ሳይኖረው ተራው የማይቀረው፣ ጽዋው በሰው ፊት ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሰጥ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መቀጫው እንዳለ ሆኖ፣ የድንኳን ተራ ይኑረን። በሐዘኑ ቀናት ማታ ማታ ከሐዘንተኛው ጋር የሚቀመጡ ሰዎች በስም ተመድበው፣ የሚቀጥለውን ተረኛ በሕዝብ ፊት ይቀበሉ፤ ልክ እንደ ጽዋው። ወጣቶችም በአባቶቻቸው ስም ሳይሆን በገዛ ስማቸው ተራ ይያዙ።

ሁለተኛ፣ ወገን የሌለውን እናስብ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ጦርነት ምክንያት ከቤታቸው ተፈናቅለው ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባትና ወደ ከተማችን የመጡ ወገኖች አሉ። የቤት ኪራይተኞች አሉ፤ ከሩቅ አገር የመጣ የቆሎ ተማሪ አለ። እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ «የማን እድር ነው?» ተብሎ አስከሬን እንዳይቆይ፣ የመግቢያ ክፍያ ሳይጠየቁ የሚመዘገቡበት ገጽ ይከፈትላቸው። መዋጮ ባይችሉ ተራ ይስጡን፤ እኒያ እናት በሽምብራ እንደሰጡት።

ሦስተኛ፣ ተዝካር የሚያወጣ ሰው ከብቱን ሸጦና ተበድሮ ድግስ እንዳይደግስ ኮሚቴው ይምከር። ለሟች ጸሎትና ለነዳያን ቁራሽ ይበቃል። የሰባው ድግስ ለሟች አይደርሰውም፤ ዕዳው ግን ለልጆቹ ይደርሳል።

የተከበራችሁ ወገኖች፤ ከመካከላችን ተራው የማይደርሰው ማንም የለም። የሰንበቴው ተራ ይደርሳል፣ የጽዋው ተራ ይደርሳል፣ የድንኳኑም ተራ ይደርሳል። የመጨረሻውን ተራ ሲደርሰን ራሳችንን ተሸክመን መሄድ አንችልም፤ የሚሸከመን ዛሬ አብረነው የተሸከምነው ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ ጥሩምባው ሲነፋ እንነሣ።

 አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ቀባሪ አያሳጣን።